ቁራኛ

ወደ ኦስሎ የሄድኩት ለሰርግ ነበር። ሰርጉ በሰላም አልፎ፣ መልሱም ተበልቶ፣ እንግዳው ሲበተን የአብሮ አደጌ ባለቤት ወደ ማድ ቤት ጠራችኝ። ኖርዌይ ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ሽሮዋን ግን ዛሬም ከአዲስ አበባ ታስመጣለች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ይህችን ልጅ ምከርልኝ» አለች። «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኳት ልጅ የወህኒ ዘበኛ ካልሆንኩ ብላለች። አባቷ ይስቃል። አንተን ግን ትሰማለች።»

ለሰርግ የሄድኩት ሰውዬ እንዲህ ሆኖ ሽማግሌ ሆንኩ።

እውነቱን ለመናገር የተላክሁበትን ነገር እኔም አምኜበት ነበር። አዲስ አበባ ካሉት ወህኒ ቤቶች በአንዱ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ አጎት ነበረኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀው «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ያልፋል። እኛም ትምህርት ቤት ስንጠየቅ እንዲሁ እንል ነበር። በሲቪል ልብስ ሄዶ በሲቪል ልብስ ይመለሳል፤ የደንብ ልብሱን ሰፈር ውስጥ ያየበት ሰው የለም። ሲቀጠር ምን እንዳሠለጠኑት አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ሰልፍ፣ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም፣ ቆጠራ» አለኝ። ቆጠራ ማለት ጧትና ማታ እስረኛውን አሰልፎ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ከሞላ ቀኑ በሰላም አልፏል፤ የማንንም ስም ማወቅ አያስፈልግም።

ልጅቱ በማግስቱ ግሮንላንድ ወደሚባለው ሰፈር ምሳ ወሰደችኝ። የሶማሌው ሥጋ ቤት፣ የፓኪስታኑ ቅመም መደብር፣ የሐበሻው ምግብ ቤት በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረዋል። ካፊያው አያቆምም፤ ሰዉም ከጉዳይ አይቆጥረውም። እንጀራው ሌላ እህል ገብቶበታል፣ ዓይኑ ግን ደህና ነው። ምክሬን ከበያይነቱ መሀል ልጀምር ስሰናዳ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እማዬ ልካዎት ነው አይደል?»

ጎረስኩ። ምን እላለሁ።

«መጀመሪያ ልውሰድዎትና ይዩ። ከዚያ ይመክሩኛል» አለች። አማርኛዋ ንጹሕ ነው፤ ዜማው ብቻ ኖርዌይኛ ሆኖ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ይወጣል።

ምግብ ቤቱ አጠገብ፣ ዛፍ በሁለት ወገን በተሰለፈበት መንገድ ጫፍ ላይ አንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ አለ። በ1851 የተከፈተ ነው (የኖርዌይን ነገር በእነሱው አቆጣጠር ልጻፈው)። ስሙ በኖርዌይኛ «የንስሐ እስር ቤት» ማለት ነው። አሠራሩን የቀዱት ከአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ነበር፤ እያንዳንዱ እስረኛ ብቻውን በአንድ ክፍል ይዘጋበታል፣ ከጎረቤቱ ጋር አይነጋገርም፣ ከኅሊናው ጋር ተፋጦ ይጸጸታል የሚል እምነት ነው። ብቻውን የተዘጋበት ሰው ከመጸጸቱ ይልቅ አእምሮው እንደሚታወክ ግን ቆይቶ በየአገሩ ታየ።

ቆሜ ሳየው ከርቸሌ ትዝ አለኝ። ከርቸሌ የሚለው ቃል የጣልያን ነው። ወህኒ የሚለውም የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ ከሚጋዙበት ከወህኒ አምባ የመጣ ነው ይባላል። ከርቸሌ ግቢ ውስጥ ለነበረው እስር ቤት ሕዝቡ ራሱ ያወጣለት ስም ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ዓለም በቃኝ። ይህ የመነኩሴ ቃል ነው። አንዱ አገር ንስሐ ብሎ፣ ሌላው ዓለም በቃኝ ብሎ ሁለቱም ለእስር ቤታቸው ስም ከገዳም ተዋሱ። ልዩነቱ፣ የኖርዌዩን ስም ያወጡት ያሠሩት ሰዎች ናቸው፤ የእኛን ያወጡት የገቡበት ናቸው። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ በፈረንጆቹ 2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ቆሟል።

የእኛዎቹ እስር ቤቶች ደግሞ ብቸኝነትን አያውቁም። ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ ይተኛል፣ ካቦ የሚባል የቤቱ አለቃ ይመረጣል፣ ተራው፣ ጠቡ፣ ዕርቁ ሁሉ እዚያው በእስረኛው መሀል ይጨረሳል። ዘበኛው ከበሩ ወዲህ ነው። አጎቴ ሃያ ምናምን ዓመት ሲሠራ እስረኛ የሚተኛበት ቤት ውስጥ የገባው ለፍተሻ ብቻ እንደነበር ነግሮኛል።

ትምህርት ቤቷ ሊለስትሮም በምትባል ከተማ ነው፤ ከኦስሎ በባቡር ገና ወሬ ሳይሞቅ ይደረሳል። ለማረሚያ ሥራ ተብሎ የቆመ ኮሌጅ ነው። መኮንን ለመሆን ሁለት ዓመት ይማሩበታል፤ ሕግ፣ ሥነ ልቦና፣ የወንጀል ጥናት፣ ሥነ ምግባር፣ ማኅበራዊ ሥራ። ከዚያ ላይ በእስር ቤቶች ውስጥ ረጅም ልምምድ አለ። ራስን መከላከልና ካቴና ማሰርም ይማራሉ፤ መሣሪያ ግን አይታጠቁም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሩ ትከርማላችሁ?» አልኳት። አፌ ላይ የአጎቴ ሦስት ነገሮች ነበሩ።

«ማውራት» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ይሞክሩኝ። እርስዎ እስረኛ ነዎት። ወደ ክፍልህ ግባ ቢሉዎት አልገባም ብለው ኮሪደር ላይ ቆመዋል።»

ባቡሩ ውስጥ እጄን አጣጥፌ አኮረፍኩ። ተነሥታ ትቆማለች፣ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች ብዬ ጠበቅሁ። ፊቴን ዓይታ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ዛሬ ምሳ በልተዋል?» አለችኝ። ሳላስበው «አዎ» ብዬ መለስኩላት፤ ኩርፊያዬ እዚያው ተበላሸ። ቀጥሎ ልጠይቃት የምፈልገው ነገር ስለ ጥበቃ ሳይሆን ስለ ቋንቋ ሆነ። በኖርዌይኛ ዛሬ አንቱታ ከአፍ ጠፍቷል፤ ንጉሡን ካልሆነ በቀር ሁሉም ለሁሉም አንተና አንቺ ነው። እኔን እስረኛ አድርጋ ስታወራኝ ግን በአማርኛ ስለሆነ አንቱ እንዳለችኝ ነበር። የእኛ አገር ዘበኛ፣ ልጅ እግሩ ሳይቀር፣ ሽማግሌውን እስረኛ አንተ ይለዋል። አንድ ሰው እስር ቤት ሲገባ የመጀመሪያው የሚወረሰው ነገር ቀበቶው ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ አንቱታው ነው። ይህን ስነግራት ደብተሯን አውጥታ በኖርዌይኛ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኋትም።

እዚያ ኮሌጅ ሣር ላይ ተቀምጠን የነገረችኝ ታሪክ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ከዩጎዝላቪያ የማረኳቸውን ሰዎች ወደ ሰሜን ኖርዌይ ካምፖች ያመጧቸዋል። ጠባቂ ሆነው ከተቀጠሩት መካከል ኖርዌያውያን ነበሩበት። ከነሱም እስረኛ የገደሉና ያሠቃዩ ተገኙ። ከጦርነቱ በኋላ ኒልስ ክሪስቲ የተባለ ወጣት ተማሪ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አጥና ተባለ። የገደሉትንም ያልገደሉትንም አነጋገረ። ጭራቅ ፈልጎ አላገኘም፤ ሁለቱም ወገን ተራ ሰዎች ናቸው። ያገኘው ዋና ልዩነት አንድ ነበር። ያልገደሉት እስረኞቹን ቀረብ ብለው ያወቋቸው ናቸው፤ እስረኛው ከኪሱ ያወጣውን የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ያዩ፣ ይህ ሰው እዚያ አገሩ የእንትና አባት ነው ብለው የተረዱ። የገደሉት ያን ርቀት ያልተሻገሩት ናቸው።

የዛሬው ሥልጠና ከዚህ ይነሣል ማለት ማጋነን አይመስለኝም። እያንዳንዱ እስረኛ በስሙ የሚታወቅ አንድ የቅርብ መኮንን ይመደብለታል። ደብዳቤው፣ የባንክ ዕዳው፣ ሲፈታ የሚገባበት ቤት፣ የልጁ ልደት ሁሉ የዚህ መኮንን ጉዳይ ነው። አደጋ የሚሸተውም በዚህ ነው ይላሉ። አብሮ የሚውል ሰው ፊት ሲጠቁር ያያል፤ ካሜራ ግን ጠብ ከተጀመረ በኋላ ነው የሚያሳይ። የኖርዌይኛውን የማዕረግ ስም ነገረችኝና፣ «በአማርኛ ምን ይባላል?» አለች።

ትንሽ አሰብኩና «ቁራኛ» አልኳት።

አታውቀውም። ነገርኳት። በጥንቱ የእኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። እስር ቤት አያስፈልግም፤ አንዱ ለሌላው እስር ቤቱም ዘበኛውም ነው። ዳኛው ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ የታረቁ እንደነበሩ ሽማግሌዎች ሲያወጉ ሰምቻለሁ። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ዛሬ ስንለው ከሩቅ አፍጥጦ ማየት ማለታችን ነው። ከሰውየው ጋር መታሰርን ረስተነዋል።

«ያማል» አለች፣ የእጇን አንጓ እያሸች። ያማል እንጂ፤ ሰንሰለቱን ለማመስገን አይደለም የነገርኳት። ተበዳሪውን ያለ ፍርድ ያስር የነበረ ሥርዓት ነው።

ይኸው ክሪስቲ በ1977 ያሳተመው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ወደ እኛው ሰፈር ይመጣል። ጽሑፉ የሚነሣው ከታንዛንያ፣ አሩሻ አካባቢ ካለ መንደር ነው። ተጫጭተው የተለያዩ ወንድና ሴት ማን ምን ይመልስ ብለው ቀርበዋል፤ ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ጢም ብሏል፣ ሁሉም ይጠይቃል፣ ይስቃል፣ ይመሰክራል፣ ዳኞቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። የክሪስቲ ክርክር፣ በአውሮፓውያን ዘንድ ጠብ የባለቤቶቹ መሆኑ ቀርቷል፤ ጠበቆችና መንግሥት ወስደውባቸዋል የሚል ነው። በዚህ መንፈስ በ1981 ሊየር በምትባል የኖርዌይ ወረዳ ጠበኞችን የማስታረቅ ሙከራ ተጀመረ። በ1991 ሕግ ወጣለት፤ ቆይቶም በአገሩ ሁሉ በነፃ የሚያስታርቅ የመንግሥት አገልግሎት ሆነ። አስታራቂዎቹ የሕግ ሰዎች መሆን አይጠበቅባቸውም፤ አጭር ሥልጠና የወሰዱ አናጢ፣ አስተማሪ፣ ጡረተኛ ናቸው።

ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ኩራት፣ ቀጥሎ ብስጭት ተሰማኝ። እኛ ሽምግልናን፣ ጉማን፣ አፈርሳታን እንደ ቅርስ እናወራለን፤ በበዓል ቀን ቴሌቪዥን ላይ ጋቢ አልብሰን እናቀርበዋለን። ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ አሁንም በየገጠሩ አለን። እሱና ማረሚያ ቤቱ ግን አይተዋወቁም። አንዱ ከአጥሩ ውጭ ያስታርቃል፣ ሌላው ከአጥሩ ውስጥ ይቆጥራል። (የእኛም ሽምግልና የሴቲቱን ድምፅ ስንቴ እንደዋጠ አውቃለሁ፤ ልጅቱም ሳልጨርስ አስታወሰችኝ።)

ሌላ ቀን ወደ ደቡብ ወርደን ሃልደን ደረስን። ከከተማዋ በላይ ያለው የድንጋይ ምሽግ የስዊድኑ ንጉሥ ካርል 12ኛ በ1718 በጥይት የወደቀበት ነው፤ ድንበሩ እዚያው ነው። ዓለም የሚያወራለት እስር ቤት ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ነው። በ2010 ተከፈተ፤ 250 ያህል ሰው ይይዛል። እኔ የመግቢያ ፈቃድ ስላልነበረኝ ያየሁት ግንቡን ብቻ ነው፤ ስድስት ሜትር፣ ልሙጥ፣ ግራጫ ኮንክሪት። ጥዱ ከግንቡ ወዲህም ወዲያም አንድ ነው። ከሥሩ አጋም የምትመስል ትንሽ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ሞልቷል። ለቀምን። ምላሳችን ጠቆረ፤ እንደ ልጅነቴ አጋም ሰርቄ የተያዝኩ መሰለኝ።

ውስጡን እሷ ነገረችኝ፤ ለጉብኝት ገብታለች። መስኮቱ ብረት የለውም። እስረኞቹ እዚያው ካለ ሱቅ ሸምተው በጋራ ማድ ቤት ያበስላሉ፤ የሙዚቃ ስቱዲዮ አለ። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ለማንኛውም ነዋሪ የሚሠሩት ለእስረኛውም ይሠራሉ። በእኛ አገር ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባው የእናት ምሳ ዕቃ ነው። ስንቅ የያዙት ሰልፈኞች፣ «ጠያቂ አለህ» የሚለው ጥሪ፤ እስረኛውን ከዓለም ጋር ያሰረው ያ ነው። ድህነታችን ያመጣው ልማድ ነው ይባል ይሆናል። ለእኔ ግን ግማሹ ጥበብ ነው።

ማንም የሚለውን እኔም አልኩ፤ «ይሄ እስር ቤት ነው ወይስ ሆቴል?»

«ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት እማዬ ሥራ ሄዳ ቁልፍ ሳትተውልዎት፣ ቀኑን ሙሉ ታሰርኩ ብለው አልነበር? ማቀዝቀዣው እኮ ሙሉ ነበር።»

ነበር። ቴሌቪዥኑም ይሠራ ነበር።

አገሯን የምትሸጥልኝ እንዳይመስላችሁ፤ ምስጢሩንም አልደበቀችኝም። በ2019 የፓርላማው እንባ ጠባቂ ልዩ ሪፖርት አውጥቷል፤ በኖርዌይ እስር ቤቶች ብዙ ሰዎች ብቻቸውን ተዘግተው ያለ ሰው እንደሚውሉ የሚወቅስ ነው። ያ የ1851 የንስሐ ቤት መንፈስ ከግድግዳው አልለቀቀም ማለት ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በጀት ሲቀነስ የሚቀነሰው መኮንን ነው፣ መኮንን ሲያንስ በሩ ይዘጋል። የእስረኛ ወረፋ የበዛ ጊዜም መንግሥት ከ2015 እስከ 2018 ሆላንድ ውስጥ እስር ቤት ተከራይቶ ሰዎቹን ወደዚያ ልኮ ነበር። ከቤተሰብ ማራቅ ክፉ ነው ብሎ የሚያስተምር አገር ነው። ሕዝቧ አምስት ሚሊዮን ተኩል፣ እስረኛዋ ሦስት ሺሕ ገደማ ሆኖ ይህ ከሆነ፣ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመልሳችን ከሞስ ወደ ሆርተን በጀልባ ተሻገርን። ምሳዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ዳቦ፣ በመሀሉ ቡናማ አይብ። አይቡ ከአጓት ተንተክትኮ የሚሠራ ነው፤ ጣዕሙ ከረሜላ ነው ብል አላበልኩም። ቆርሳ ሰጠችኝ። ውኃው ላይ፣ እንደ ተኛች ላም ዝቅ ያለች ደሴት አሳየችኝ። ባስቶይ ነች። ከመቶ በላይ እስረኞች በጎች፣ ላሞችና ፈረሶች እያረቡ፣ እንጨት እየቆረጡ ይኖሩባታል። ወደ ደሴቲቱ የሚመላለሰውን ጀልባ ከሚያሠሩት ሰዎች ውስጥ እስረኞች ነበሩበት።

ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚለውን ሐሳቤን ያፈረሰብኝ የዚህች ደሴት ታሪክ ነው። ከ1900 ጀምሮ እዚያ የነበረው አስቸጋሪ የተባሉ ወንዶች ልጆች የሚታረሙበት ቤት ነበር። ቅጣቱ ሲበዛባቸው በ1915 ልጆቹ አመፁ፤ መንግሥት ወታደር አዘመተባቸው። በልጅ ላይ። ያው አገር ነው፣ ያው ደሴት ነው። የሞት ቅጣትን በሰላም ጊዜ እንዳይኖር በ1902 የሰረዘ ሕዝብ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 37 ሰው ረሽኗል፤ ከናዚዎች ጋር ያበረውን ክዊስሊንግን በጥቅምት 1945 ኦስሎ ውስጥ አከርስሁስ ምሽግ ላይ ነው የገደሉት።

እዚህ ላይ የመጨረሻዋን የሽማግሌ ጥይቴን ተኮስኩ። በ2011 በአንድ ቀን 77 ሰው፣ አብዛኞቹን ካምፕ የወጡ ወጣቶች፣ የገደለው ያ ሰው የተፈረደበት 21 ዓመት ነው፤ አደገኛነቱ ካልለቀቀው ይራዘማል። የሞት ቅጣት አልመለሱለትም። «የእሱ ቁራኛ አንቺ ብትሆኚስ?»

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወደ ውኃው ዞረች። ጀልባው የሆርተንን ወደብ ሊነካ ሲል ነው የመለሰችልኝ።

«አላውቅም ጋሼ። መምህራችን ይህንኑ ጠይቆን ነበር። አላውቅም ያልነውን ነጥብ አልቀነሰብንም።»

ስትመረቅ ጥቂት ዓመት እስር ቤት ሠርታ፣ ከእስር ውጭ ቅጣታቸውን ከሚፈጽሙት ጋር መሥራት ትፈልጋለች። እዚያ አገር ፍርድ ቤት ከ30 እስከ 420 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊፈርድ ይችላል፤ ፍርደኛው ቤቱ እያደረ የመቃብር ቦታ ሣር ያጭዳል፣ ወንበር ይጠግናል፣ ሳምንት በሳምንት ከመኮንኑ ጋር ይቀመጣል። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም የግዴታ ሥራ የሚል ቅጣት አለው። አንቀጹ አለ። ከፍርደኛው ጋር የሚቀመጠውን ሰው ማሠልጠኑ ነው የቀረው።

ማታ ቤት ስንደርስ እናቷ ቡና አቅርባ ጠበቀችን። ልጅቱ ልብስ ልትቀይር ስትገባ «እህ?» አለችኝ በዓይኗ። ስለ ፎቶግራፉ ነገርኳት፣ ስለ አጎቴም ነገርኳት፤ ሰው ፊት ስለ እሱ ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር። አልመከርኳትም፣ የምመክራት አላገኘሁም አልኩ።

ሁለተኛውን ቀዳች። ረከቦቱን አስተካከለች። ቆየችና፣ «የሌሊት ተረኛ ትሆናለች እንዴ?» አለችኝ።

ትሆናለች፣ አልኳት።